«ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ» ብለው ቢፈርሙ አደጋው የማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ልተክል አስቤ ቻይና ካለ ፋብሪካ ጋር ስጻጻፍ ከረምኩ። አሁን ሦስት ዋጋ ላከልኝ። ኤፍ ኦ ቢ ቺንግዳኦ 23,400 ዶላር፣ ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ 26,100 ዶላር፣ ዲ ዲ ፒ ባሕር ዳር 33,500 ዶላር። ጓደኞቼ ‹ሲ አይ ኤፍ ያዝ፤ ኪራዩንም ኢንሹራንሱንም ሻጩ ስለሚከፍል ዕቃው እጅህ እስኪገባ ችግሩ የሱ ነው› ይሉኛል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ‹ኤፍ ኦ ቢ ከገዛህ ቀረጡ ይቀንሳል› አለኝ። እኔ እንኳን ልመርጥ የፊደሎቹንም ትርጉም በቅጡ አላውቅም። የትኛው ላይ ልፈርም?»

ጓደኞችዎም ተሳስተዋል፤ የወንድምዎ ልጅም ተሳስቷል። ዲ ዲ ፒውን ለጊዜው ይርሱት፤ እመለስበታለሁ። ከጓደኞችዎ ልጀምር። በትራንዚት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰው ገንዘቡን ሲያጣ ከማይባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው የእነሱ ሐሳብ ነው።

እነዚህ ሦስት ሦስት ፊደላት ኢንኮተርምስ ይባላሉ። የሚያወጣቸው ፓሪስ ያለው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው። መጀመሪያ የወጡት በፈረንጆች 1936 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽለዋል። አሁን የሚሠራባቸው የ2020ው እትም ሲሆን 11 ቃላት አሉት። የሚመልሱት በዋናነት ሁለት ጥያቄ ነው። ወጪው እስከ የት ድረስ የሻጩ ነው? ዕቃው ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ቢሰምጥ ደግሞ ከየት ጀምሮ ኪሳራው የገዢው ነው? ሰው የሚሳሳተው የሁለቱ መልስ አንድ ቦታ ስለሚመስለው ነው። በሲ አይ ኤፍ አንድ ቦታ አይደለም።

በጣና ላስረዳዎት። ከዘጌ ሰው ማገዶ ገዛሁ እንበል። ሻጩ የታንኳውን ሒሳብ እስከ ባሕር ዳር ከፈለ። የተስማማነው ግን «ማገዶው ዘጌ ላይ ታንኳው ላይ ከተጫነ ያንተ ነው» ብለን ነው። መሐል ላይ ነፋስ ተነሣ፣ ታንኳው ተገለበጠ፣ እንጨቱ ውኃ በላው። ሻጩ ሒሳብ ስለከፈለ እንጨቱ የሱ ይሆናል? አይሆንም። የሰመጠው የኔ እንጨት ነው። እሱ የከፈለው የመንገዱን ሒሳብ ብቻ ነው። ሲ አይ ኤፍ ማለት ይኼ ነው። (በነገራችን ላይ ኤፍ ኦ ቢ እና ሲ አይ ኤፍ የተዘጋጁት ለባሕርና ለውስጥ ውኃ መጓጓዣ ነው። ስለዚህ ታንኳውም ሕጋዊ ምሳሌ ነው።)

ወደ ማሽንዎ እንምጣ። ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ ከፈረሙ ሻጩ የመርከቡን ኪራይ እስከ ጅቡቲ ይከፍላል፤ ኢንሹራንስም ይገዛል። አደጋው ግን ማሽኑ ቺንግዳኦ ላይ መርከቡ ላይ በተጫነባት ሰዓት ወደ እርስዎ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞ ሁሉ የሚጓዘው የእርስዎ ማሽን ነው። ኤፍ ኦ ቢ ቺንግዳኦ ቢሉም (እዚህ ሻጩ የሚከፍለው መርከቡ ላይ እስኪጭን ብቻ ነው) አደጋው የሚዞረው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ነው። የ2,700 ዶላሩ ልዩነት የኪራይና የኢንሹራንስ ዋጋ እንጂ የአደጋ መከላከያ አይደለም።

ጓደኞችዎ «እኛ ሻጩን አንከፍለውም ስንል ይመጣል» ይሉ ይሆናል። በኤል ሲ፣ ማለትም ባንክዎ ሰነድ አይቶ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ ከከፈሉ እሱም አይሠራም። ባንኮች የሚሠሩበት ዩ ሲ ፒ 600 የሚባለው ደንብ ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ሻጩ ንጹሕ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (አጓጓዡ ዕቃውን ደህና ተረክቤያለሁ የሚልበት የጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት እና የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን አሟልቶ ካቀረበ ይከፈለዋል። ማሽኑ ያን ዕለት ባሕር ወለል ላይ ቢተኛም ይከፈለዋል። እርስዎ ሰነዱን ይዘው ኢንሹራንሱን ሲያሳድዱ ይቀራሉ።

ስለ ቀንም ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ እርስዎ ማሽኑ ጥቅምት ላይ ተተክሎ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ሻጩ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) ላይ የሚጽፈው ቀን ግን በሲ አይ ኤፍም በኤፍ ኦ ቢም የመጫኛ ቀን ነው። የመድረሻ ቀን ቃል አልገባም። በቀኑ ከጫነ ግዴታውን ጨርሷል። መርከቡ መንገድ ላይ ሌላ ወደብ ገብቶ ሦስት ሳምንት ቢቆም ሻጩን የሚጠይቁበት ነገር የለም። ኢንሹራንሱም ቢሆን በመዘግየት ብቻ የመጣ ኪሳራን አይከፍልም፤ የተለመዱት የጭነት ኢንሹራንስ አንቀጾች መዘግየትን በስሙ ጠርተው ያስወጡታል። ስለዚህ ከአጨዳው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የመጨረሻ የመጫኛ ቀን የሚለውንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል አስጽፈው ይያዙ። አንድ ደንበኛዬ ቀኑን በቁጥር ብቻ አይቶ ወሩን በኛ አቆጣጠር ቆጠረው። ኤል ሲው ጊዜው አልፎበት እንደገና ማራዘሚያ ከፈለ።

አሁን ኢንሹራንሱ። እውነተኛው ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። በሲ አይ ኤፍ ሻጩ የመግዛት ግዴታ ያለበት ዝቅተኛውን ሽፋን ብቻ ነው፤ ክሎዝ ሲ ይባላል። መጠኑ የውሉ ዋጋ 110 በመቶ ነው። ይኼ ሲሰማ ደስ ይላል፤ ውስጡን ግን ይመልከቱት። ክሎዝ ሲ የሚከፍለው ለትልልቅ አደጋ ነው። እሳት፣ ፍንዳታ፣ መርከብ መስመጥ ወይም መሬት ላይ መቀመጥ፣ ግጭት፣ የመኪና መገልበጥና የመሳሰሉት ናቸው። ሌብነት ውስጡ የለም። ሣጥኑ ውስጥ የባሕር ውኃ ገብቶ ሞተሩን ቢያዝገው የለም። ክሬን ጥሎት ቢሰበር የለም። የኛ ማሽኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት በእነዚህ ነው። መርከቡ ሰምጦ ማሽኑን ያጣ ደንበኛ አላጋጠመኝም፤ ሣጥኑ ተሰብሮ የመጣበት ግን ብዙ ነው።

አንዱን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው የዱቄት ወፍጮ በሲ አይ ኤፍ አስመጣ። ሣጥኑ ሲከፈት የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ዘንግ ጎብጧል። ወደብ ላይ ሲወርድ ወድቆ ነበር። ሰርተፍኬቱን አወጣን። ክሎዝ ሲ። ኢንሹራንሱን የሸጠው ኩባንያ ያለው ሌላ አገር፣ የሚጻጻፈው በራሱ ቋንቋ፣ የሚመልሰው በሳምንት አንዴ። በመጨረሻ «ይኼ አደጋ ሽፋናችን ውስጥ የለም» አሉ። ትክክል ናቸው፤ የለም። ሰውየው ሰሌዳውን በራሱ ገንዘብ እንደገና አዘዘ። ሻጩ በውሉ የገባውን አድርጓል፤ ማንንም መክሰስ አልቻልንም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አያበቃም። በእኛ አገር ባንኮች ለገቢ ዕቃ ሰነድ ሲያዘጋጁ የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሲ አይ ኤፍ ይዘው ከሄዱ ለኢንሹራንስ ሁለቴ ሊከፍሉ ነው፤ አንዴ በሻጩ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ፣ አንዴ እዚህ ቆጥረው። ያውም በዶላር የከፈሉት ደካማው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሁልጊዜ «የኔ ዕቃ ምንም ካልሆነ ኢንሹራንስ ለምኔ?» ይለኛል። በ2021 መጋቢት ላይ (ዓመቱም ወሩም በፈረንጆች ነው) ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተሰክቶ ለስድስት ቀን መንገድ የዘጋውን ያስታውሱታል። መርከቡ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ «ጄኔራል አቬሬጅ» አወጀ። የድሮ የባሕር ሕግ ነው። መርከቡንና ጭነቱን ለማዳን የወጣውን ልዩ ወጪ መርከቡ ላይ ዕቃ ያለው ሁሉ እንደ ዕቃው ዋጋ ይካፈላል ይላል። ዕቃዎ ጭረት ባይነካውም ይካፈላሉ። መዋጮውን የሚሸፍን ዋስትና ካላስያዙ ዕቃዎን አይለቁልዎትም። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ኩባንያው ዋስትናውን ይጽፍለታል። የሌለው ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ለአንድ ሣጥን ባለቤትም አይራራም።

የጦርነት ነገርም አለ። የጦርነት አደጋ በመደበኛው ሽፋን ውስጥ የለም፤ ሰፊው ሽፋን በሆነው በክሎዝ ኤም ቢሆን የለም፤ ለብቻው ይጨመራል። በሲ አይ ኤፍ ሻጩ የሚጨምረው እርስዎ ከጠየቁትና ከከፈሉት ብቻ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መጠቃት ከጀመሩ ወዲህ ጥያቄው የቀልድ አይደለም። የጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ በደቡብ በኩል ስለሆነ ከቻይና በቀጥታ የሚመጣ መርከብ ጠባቡን መተላለፊያ ማቋረጥ የለበትም። ዕቃዎ ግን ጂዳ ላይ ወርዶ በሌላ መርከብ ወደ ጅቡቲ የሚመለስ ከሆነ ሁለቴ ያቋርጠዋል። ስለዚህ በየት በኩል እንደሚመጣ ይጠይቁ። የሚጨምሩት የጦርነት ሽፋን ደግሞ የሚሠራው ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ነው። የብስ ላይ አይሠራም። ለሁከት፣ ለረብሻና ለሽብር የሚሆነው «ስትራይክስ ክሎዝ» የሚባለው ሌላው ተጨማሪ ነው፤ እሱ በየብስም ይሠራል። ከጅቡቲ እስከ ወረታ ያለውን መንገድ ስለሚያውቁት ይኼን አይለፉት። ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ «ሙሉ ሽፋን ነው» የሚለውን የአፍ ቃል አይመኑ።

እስካሁን ያወራነው ጅቡቲ ድረስ ነው። እርስዎ ሩዝ የሚፈለፍሉት ጅቡቲ አይደለም። ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ ሲሉ ኪራዩ እዚያ ያልቃል፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉም እዚያ ያልቃል። እኛ ዩኒ ሞዳል የምንለው ነው። ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ የሚከፈለው፣ ትራንዚተሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ኮንቴይነሩን ባዶ መመለሱ ሁሉ በእርስዎ ነው። በተለይ ዕቃው ሙሉ ኮንቴይነር ካልሞላና ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ ይጠንቀቁ። ሻጩ አንዳንዴ ኪራዩን እጅግ ርካሽ አድርጎ ያሳያል። ርካሹ ኪራይ ግን ጅቡቲ ያለው ወኪል የሰነድ፣ የማራገፊያ፣ የአያያዝ እያለ በሚያወጣው ሒሳብ ይመለሳል። የዚያ ሒሳብ ዋጋ ቀድሞ አይነገርም፤ ዕቃው በእጃቸው ስለሆነም አይከራከሩም።

ዲመሬጅም አለ። ኮንቴይነር ወደብ ላይ በነጻ የሚቆይባቸው ቀኖች አሉ። ከዚያ ካለፈ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ይጨምራል። ከወደብ ወጥቶ እርስዎ ግቢ ቢቆምም ባዶው በጊዜ ካልተመለሰ ሌላ ሒሳብ አለው። ሰነድ ባንክ ዘግይቶ፣ ዕቃ ጅቡቲ ቆሞ፣ ዲመሬጁ የዕቃውን ዋጋ ሲጠጋ አይቻለሁ። ሌላም አለ። የጭነት ኢንሹራንስ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ 60 ቀን ካለፈው፣ መጋዘንዎ ባይደርስም እንኳ ይቋረጣል። ብዙ ሰው ይኼን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ዕቃው የሚዘገይ ከመሰለዎት ቀኑ ሳይሞላ ኩባንያውን ጠይቀው ያስረዝሙ።

ሌላው መንገድ መልቲ ሞዳል ነው። አንድ አጓጓዥ ከውጭው ወደብ ተረክቦ በአንድ ቢል እስከ ደረቅ ወደብ ያመጣልዎታል። ሞጆን ሁሉም ያውቃል። ወረታም ደረቅ ወደብ አለ፤ ለእርስዎ ደግሞ ደጃፍዎ ነው። የባሕር ዳር ነጋዴ በልማድ ዕቃውን ሞጆ አውርዶ፣ አዲስ አበባ አስገብቶ፣ እንደገና ዓባይ በረሃን አቋርጦ ያመጣል። ካርታውን ካዩት ግን ከጋላፊ በሚሌ፣ በወልድያ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚያስገባ መንገድ አለ። መንገዱ በወቅቱ ክፍት መሆኑንና የእርስዎን ዓይነት ጭነት ወረታ ላይ የሚያራግፉ መሆኑን ከአጓጓዡ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ግን ቢሉ ላይ መድረሻ አያስጽፉ። ቢል ላይ የተጻፈን መድረሻ ዕቃው ከተነሣ በኋላ ማስቀየር ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

የወንድምዎን ልጅ አልረሳሁትም። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በኢንቮይሱ ላይ በተጻፈው ቃል አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ ኪራዩና ኢንሹራንሱ ተደምረው እስከ መጀመሪያው የኢትዮጵያ መግቢያ በር ያለው ወጪ ነው መነሻው። በኤፍ ኦ ቢ ከገዙ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ከሰነድዎ ወስደው ይደምሩታል። በሲ አይ ኤፍ ከገዙ ብዙው አስቀድሞ ተደምሮ ይመጣል። ቫት 15 በመቶውም የሚሰላው በዚሁ ላይ ቀረጡ ተጨምሮበት ነው። እኩል ወጪ ካለ ቀረጡ እኩል ነው። ኪራዩን በርካሽ ተደራድረው ካወረዱት ያኔ እውነትም ይቀንሳል፤ ምክንያቱ ግን ኪራዩ መርከሱ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ኢንቮይስ ላይ ዋጋ ቀንሶ ማስጻፍ የሚባለውን ምክር ደግሞ አይስሙ። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። ዕቃው ቢጎዳም ኢንሹራንሱ የሚከፍልዎት በዚያው በቀነሱት ዋጋ ነው።

ዲ ዲ ፒ ባሕር ዳር፣ 33,500 ዶላር፣ እስከ በር። ያጓጓል። ዲ ዲ ፒ ማለት ሻጩ የኢትዮጵያን ቀረጥና ቫት ከፍሎ፣ ጉምሩክ አስፈጽሞ፣ በርዎ ላይ ያደርስልዎታል ማለት ነው። ቺንግዳኦ ያለ ፋብሪካ የኢትዮጵያ ቲን ቁጥር አለው? የአስመጪነት ፈቃድ አለው? የለውም። ታዲያ በማን ስም ያስገባዋል? በሌላ ሰው ስም ነው። ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው የገባበት የጉምሩክ ሰነድ) ላይ ስምዎ የለም። የከፈሉትን ቫት ማቀናነስ አይችሉም። የኢንቨስትመንት ፈቃድ አውጥተው ማሽኑን ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት ቢኖርዎት እንኳ በሌላ ሰው ዲክላራሲዮን አይጠቀሙበትም። ነገ ማሽኑን ለባንክ ብድር ማስያዣ ሲያቀርቡም የባለቤትነት ሰነድ ይጠየቃሉ። ይኼን ዋጋ የላከልዎት ሻጩ ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ለሌላ አገር ደንበኛ የሚልከውን ቅጽ ገልብጦ ይሆናል። መልሱ ግን አንድ ነው፤ አይሆንም።

ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር ልጨምር። ኢንኮተርምስ ባለቤትነት መቼ እንደሚተላለፍ አይናገርም። እንዴት እንደሚከፈልም አይናገርም። ማሽኑ ጥራቱን ባይጠብቅ ምን እንደሚሆን አይናገርም። እነዚህን ውሉ ውስጥ ለብቻ ነው የሚጽፏቸው። «ኤፍ ኦ ቢ ነው የተስማማነው» ብሎ ስለ ዋስትና የሚከራከር ሰው ሲገጥመኝ ከየት እንደምጀምርለት ይጠፋኛል።

ታዲያ ምን ይፈርሙ? የቀረልዎት ኤፍ ኦ ቢ ነው፤ እሱንም እንዳለ አይውሰዱት። ኤፍ ኦ ቢ የተሠራው ዕቃ መርከቡ ጎን ቀርቦ በቀጥታ ለሚጫንበት ዘመን ነው። ዛሬ ኮንቴይነር መጀመሪያ ተርሚናል ይገባል፤ እዚያ ቀናት ይቆያል፤ ከዚያ ነው የሚጫነው። ለኮንቴይነር የሚስማማው ኤፍ ሲ ኤ ነው። ሻጩ የኤክስፖርት ጉምሩኩን ጨርሶ ቺንግዳኦ ላይ እርስዎ ለመረጡት አጓጓዥ ሲያስረክብ ኃላፊነቱ ያልቃል፤ የእርስዎ ኢንሹራንስ ከዚያ ይጀምራል። ሰው የሚፈራው ባንኩ «መርከብ ላይ ተጭኗል» የሚል ቢል ስለሚጠይቅ ኤፍ ሲ ኤ አይሠራም ብሎ ነው። የ2020ው እትም ይኼን ፈትቶታል። አጓጓዡ ዕቃው ሲጫን እንዲህ ያለ ቢል ለሻጩ እንዲሰጥ እርስዎ ማዘዝ እንዳለብዎት አብረው መስማማት ይችላሉ። ባንክዎ ከለመደው ውጭ ላለመሄድ ኤፍ ኦ ቢ ካለዎት ይሁን፤ ይዋጣል። የተርሚናሉን ቀናት ግን ኢንሹራንስዎ ውስጥ ያስገቡ።

ኤክስ ወርክስ የሚል አራተኛ ርካሽ ዋጋ ከላከልዎት አይንኩት፤ ሻጩ የሚያስረክብዎት ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ነው። የቻይና ኤክስፖርት ጉምሩክ በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ ባሕር ዳር ተቀምጠው የሚያደርጉት ነገር አይደለም። ዲ ኤ ፒ ወረታ የሚባል ደግሞ አለ። እዚያ አደጋው እስከ ወረታ የሻጩ ይሆናል፤ ቀረጡ የእርስዎ። ጓደኞችዎ ሲ አይ ኤፍ ብለው ያሰቡት እሱን ነው። ግን ሻጩ የማያውቀውን መንገድ ፈርቶ ዋጋውን ይቆልለዋል፤ ለዚያ የሚከፍሉት ጥሩ ኢንሹራንስ ከሚገዙበት ይበልጣል።

ስለዚህ ውሉ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ኤፍ ሲ ኤ፣ ቺንግዳኦ ወደብ፣ (የተርሚናሉ ስም)፣ ኢንኮተርምስ 2020»። ዓመቱን አይርሱ፤ ያለዓመት ስለየትኛው እትም እንደምታወሩ መጨቃጨቅ ይመጣል። ቦታውንም በስም ይጻፉ፤ «ቻይና» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ኪራዩን ከአገር ውስጥ መልቲ ሞዳል አጓጓዥ ጋር እስከ ወረታ ይዋዋሉ። ኢንሹራንሱን ከአገር ውስጥ ኩባንያ በክሎዝ ኤ ይግዙ፤ ጦርነትና ስትራይክስ ተጨምሮ፣ መነሻው ቺንግዳኦ፣ መድረሻው ወረታ ያለው የእርስዎ መጋዘን። ጅቡቲ ብለው እንዳይጽፉልዎት ያንብቡ። ክፍያው በኤል ሲ ይሁን፤ ሙሉውን በቅድሚያ አይላኩ። ሰነዶቹ ውስጥ ከመጫኑ በፊት ገለልተኛ መርማሪ ማሽኑን አይቶ የሰጠው ሰርተፍኬት እንዲካተት ያድርጉ። ባንክ ሰነድ ብቻ ነው የሚያየው ብያለሁ፤ ዓይን የሚሆንልዎት ያ ሰነድ ነው። ፕሮፎርማውን ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ባንክዎ፣ ኢንሹራንሱና አጓጓዡ ሦስቱም ይዩት። ከፈረሙ በኋላ ኤል ሲ ማሻሻል በየጊዜው ያስከፍላል።

ማሽኑ ወረታ ሲደርስ ሣጥኑን ሳይከፍቱ በአራቱም ጎን ፎቶ ያንሡት። የተሰነጠቀ ወይም የረጠበ ነገር ካዩ መረከቢያው ላይ ሳይጽፉ አይፈርሙ። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተሰብሮ ካገኙት በሦስት ቀን ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ያሳውቁ። የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ እስኪያየው ድረስ ከቦታው አያንቀሳቅሱት፤ ሰሌዳውንም አይፍቱት።